«የማን ልጅ ነህ?»

(ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአገር ልጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። አቦሉ ተጠጥቷል፤ በረካው እስኪደርስ እኔ ልናገር። ከዚያ እናንተ ትጠይቁኛላችሁ።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ የእድር ጡሩምባ ነፊ ታስታውሳላችሁ። ሳይነጋ በየሰፈሩ ይዞራል። ጡሩምባውን ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይናገራል። የሰማው ሰው አልጋው ውስጥ እንዳለ ቀኑን ያስተካክላል። ድንኳን የሚተክለው ይነሳል። ሽንኩርት የምትከትፈው ትነሳለች። «ምን ልርዳችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ድርሻውን ያውቀዋል።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ዊኒፔግ ውስጥ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ዓርብ ማታ ግን ሰማሁ። ኖርዝ ኤንድ፣ ሰልከርክ ጎዳና ላይ የደወል ማማ አለ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ደወሉ ተደወለ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነበር። የሚደውሉት ልጆች ናቸው፤ ተራ ይጠባበቃሉ። አንዷ በባዶ እጇ ልትደውል ፈልጋ ጓንቷን በጥርሷ ይዛዋለች። ሰው ከየቤቱና ከአውቶቡስ ማቆሚያው መጣ። ክብ ሠራን። አንዱ ሥራ ማግኘቱን ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። አንዲት ሴት የጠፋች የአክስቷን ልጅ ፎቶ ይዛ መጥታ ነበር፤ ፎቶው ከእጅ እጅ ዞረ፣ ሁሉም እያየ። አንድ ልጅ ልደቱ ነበር፤ ተዘፈነለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ሙቀት ገባን።

«ደወሉ ሥር እንገናኝ» ይሉታል። በ2011 ማይክል ሬድሄድ ሻምፔን የሚባል የሰፈሩ ልጅ ከሌሎች ወጣቶች ጋር የጀመረው ነው። በሰፈሩ ወጣት በወጣት ላይ እጁን ያነሳ ነበር፤ ሰው ይሞት ነበር። ልጆቹ የሰጡት መልስ «ዓርብ ዓርብ እንገናኝ» የሚል ነው። ስሰማው ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ከዚያ የበለጠ ነገር ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የማወራውም ስለዚህ ነው፤ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚሰባሰቡ።

መጀመሪያ ስለ ስም። እኛ ስናድግ «ቀይ ሕንዶች» ነበር የምንላቸው። ከካውቦይ ፊልም የወረስነው ቃል ነው። ይህ ስም ይቅርብን። ሕንዶች አይደሉም፤ ቀይም አይደሉም። እዚህ ማኒቶባ ውስጥ አኒሺናቤ አለ፣ ክሪ አለ፣ ኦጂ ክሪ፣ ዳኮታ፣ ዴኔ፣ ሜቲ አለ። ከሰሜን የመጡ ኢኑዊት አሉ። አንዱን በሌላው ስም መጥራት ጉራጌውን ትግሬ፣ ትግሬውን ወላይታ እንደማለት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ስጠራ «ነባር ሕዝቦች» እላለሁ።

በ2021 ቆጠራ በካናዳ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነባር ሕዝቦች ተቆጥረዋል። ከእነዚህ 800 ሺህ ያህሉ የሚኖሩት በትልልቅ ከተሞች ነው። ከከተሞቹ ሁሉ አንደኛዋ የኛዋ ዊኒፔግ ናት፤ ከ100 ሺህ በላይ።

«ወደ ከተማ የገቡ» የሚባለው አነጋገር ግን ይቆረቁረኛል። ዘ ፎርክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁን በረዶ ላይ የምታንሸራትቱበት፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት። ሰዎች እዚያ ቦታ መሰባሰብ ከጀመሩ 6 ሺህ ዓመት ሆኗል። ያጠምዱ ነበር፣ ይነግዱ ነበር፣ ይጋቡ ነበር። የከተማዋ ስም ራሱ ክሪኛ ነው፤ «ደፍራሽ ውሃ» ማለት ነው። እነሱ ወደ ከተማዋ አልመጡም። ከተማዋ ናት በእነሱ ላይ የመጣችው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው እዚህ አገር ሦስት ዓመት የኖርኩት። የመጣሁ ሰሞን አንድ የአገር ልጅ፣ ለኔ አስቦ፣ «ሜይን ጎዳና ላይ የሚቆሙትን ራቃቸው» አለኝ። ራቅሁ። ሲመጡ ሳይ መንገድ እሻገር ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መሻገሬን አየ። ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ይህን የምነግራችሁ አብዛኞቻችን ያንኑ ምክር ሰምተን፣ ያንኑ መንገድ ተሻግረን ስለምናውቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መሰብሰብ ወንጀል ነበር።

እንዲያው ለማጋነን የምለው አይደለም። ሕግ ነበር። በ1884 የካናዳ ፓርላማ ፖትላች የሚባለውን የምዕራብ ጠረፍ ሕዝቦች ድግስ ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። በ1895 ክልከላው ሰፍቶ የሜዳማው አገር ሕዝቦች ሥርዓቶችም ተከለከሉ፤ ስጦታ ማደል ያለባቸው በዓላት ሁሉ። በ1914 ደግሞ የምዕራብ አውራጃዎች ነባር ሕዝቦች ያለ ፈቃድ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ከክልላቸው፣ ማለትም መንግሥት ከለየላቸው መሬት ውጪ እንዳይጨፍሩ ተደነገገ። በ1927 የመሬት መብታቸውን ለመከራከር ገንዘብ ማዋጣት ተከለከለ። ይህ ሁሉ ከሕጉ የወጣው በ1951 ነው። ከዚህ ሕግ ጎን ለጎን ከ1885 ጀምሮ ከክልል ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። ያ ወረቀት ሕግ እንኳ አልነበረም፤ የባለሥልጣናት አሠራር ነበር።

ፖትላች ምንድን ነው? ስም ሲሰየም፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ሰው ሲሞት የሚደገስ ትልቅ ድግስ ነው። የሚከበረው ያከማቸ ሰው አይደለም፤ የሰጠ ነው። የተጠራው እንግዳ ስጦታውን ሲቀበል የዚያ ስም፣ የዚያ ጋብቻ ምስክር ይሆናል። ጽሕፈት ቤታቸው፣ ማዘጋጃ ቤታቸው፣ ፍርድ ቤታቸው ማለት ነበር።

በ1921 የገና ሰሞን ቪሌጅ አይላንድ በምትባል ደሴት ዳን ክራንመር የሚባል ሰው ትልቅ ፖትላች ደገሰ። ሰው ዓይን እንዳይገባ ሩቅ ቦታ፣ በብርድ ወቅት። ነገሩ ለመንግሥት ደረሰ። 45 ሰዎች ተከሰሱ። የክስ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ወንጀል ምን መሰላችሁ? ንግግር ማድረግ። መጨፈር። ስጦታ ተሸክሞ ማደል። ከእነዚህ ውስጥ እስር ቤት የገቡ አሉ። ጭምብሎቻቸውና የክብር ዕቃዎቻቸው ተወሰዱ፤ ኦታዋ፣ ቶሮንቶ፣ ኒውዮርክ ድረስ ተበተኑ። ከተመለሱት ብዙዎቹ ዛሬ አለርት ቤይ በሚገኘው ዩሚስታ በሚባለው የባህል ማዕከል አሉ። ማዕከሉ የተከፈተው በ1980 ነው።

እናቶቼ፣ አንድ ነገር አስቡልኝ። የሚካኤል ማኅበር እየጠጣችሁ ነው። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ፖሊስ ገባ። ጽዋውን የያዘችው ታሰረች። ጽዋው ራሱ ተወስዶ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተዘጋበት። ልጆቻችሁ አድገው ቲኬት ቆርጠው የአያታቸውን ጽዋ ያያሉ። እንደዚያ ነው የሆነው።

ለምን ከለከሉ? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን መሬቱን ለመንጠቅ፣ ልጁን ለመውሰድ ይቀላል። የተሰበሰበ ሰው ግን ምስክር አለው። የመሰብሰብን ጉልበት ከማንም ቀድሞ ያወቀው ከልካዩ ነው።

ልጆቹም ተወሰዱ። 150 ሺህ ያህል ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1990ዎቹ ነው። ጸጉራቸው ተቆረጠ፣ ቋንቋቸው ተከለከለ፣ ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከ20 ሺህ በላይ ልጆች ከቤተሰባቸው ተነጥቀው በማደጎ ተሰጡ፤ አንዳንዶቹ ወደ አሜሪካ፣ አንዳንዶቹ አውሮፓ ድረስ። ዛሬም አላቆመም። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉ የካናዳ ልጆች ነባር ሕዝቦቹ 7.7 በመቶ ናቸው። በመንግሥት አሳዳጊ እጅ ካሉት ልጆች ግን 53.8 በመቶ።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። መንግሥት በሕግ የነባር ሕዝብ አባል ብሎ ያላወቀውን ወንድ ያገባች ሴት እስከ 1985 ድረስ የራሷን ዕውቅና ታጣ ነበር። ከመንደሯ ትወጣለች። የት ትሄዳለች? ከተማ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ናቸው ዊኒፔግ ውስጥ የምናገኛቸው። ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰው ይኖራል፤ የእናቱን ስም እንጂ ፊቷን አያውቅም። ለእንዲህ ያለ ሰው ከተማ ውስጥ ቢሮ ሞልቷል። ቢሮ ግን ቁጥር ይሰጥሃል። «ተራህን ጠብቅ፣ መታወቂያ፣ አድራሻ፣ ፎርም ሙላ።» መጥፎ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ቢሮ ቢሮ ነው። መሰባሰቢያ ውስጥ የምትጠየቀው ሌላ ነው። አንዲት አሮጊት ከላይ እስከ ታች ታይሃለች። ከዚያ «ከየት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ትልሃለች።

ይህን ጥያቄ እኛ እናውቀዋለን። አንዳንዴ ያሰለቸናል፤ ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ ስናጠፋ ነበር የምንጠየቀው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሰው ሲጠየቅ አየሁ። ስም ጠራ፤ የእናቱን የቤተሰብ ስም። አሮጊቷ ትንሽ አሰበች። «ከፒጉዊስ ናቸው። አያትህን አውቃት ነበር። ጮክ ብላ ትስቅ ነበር» አለችው። ሰውየው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እጁ ውስጥ ያለው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። የትኛው ቢሮ ነው ይህን የሚሰጥ?

እዚያ አሮጊት ሴት ሁሉ «ኩኩም» ናት፣ አያቴ። ሽማግሌው «ሙሹም» ነው። ዘመድ መሆን አይጠበቅብህም። እኛ «እማማ»፣ «ጋሼ» እንደምንለው ማለት ነው።

ይህን ዓይነት ቤት ከተማ ውስጥ በማቋቋም ዊኒፔግ ቀዳሚ ናት። በ1959 እዚህ የተከፈተው የወዳጅነት ማዕከል በካናዳ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከየመንደሩ ለሚመጣው ሰው «ቤት የት ልከራይ? ሆስፒታሉ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቤት ነበር። ቀስ በቀስ ሾርባ መጣ፣ ጭፈራ መጣ፣ የልጆች ስፖርት መጣ፣ የቀብር መርጃ መጣ። ሐሳቡ ተስፋፋ። በ1972 ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ በመላ ካናዳ ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሉ። በ1984 ደግሞ እዚሁ ከተማ ማ ማዊ ዊ ቺ ኢታታ የሚባል ማዕከል ተከፈተ። ስሙ በኦጂብዌ ቋንቋ «ሁላችንም አብረን እንሠራለን፣ እርስ በርሳችንም እንረዳዳለን» እንደማለት ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ የመጀመሪያ አንቀጽ አይመስልም?

እድርም እኮ የከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ የተሰበሰበው ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው። ዘመዱ ሩቅ ነው። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ጎረቤቱን ዘመድ አደረገው። ለዚህ ነው እነሱን ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን።

ልዩነቱንም ግን ልናገር። እኛ ደክሞን፣ ከፍቶን ሊሆን ይችላል የመጣነው፤ ግን የምንደውልለት አገር አለን። ቋንቋችን እዚያ በሚሊዮኖች ይነገራል። እነሱ በገዛ አገራቸው ነው እንግዳ የተደረጉት። ቋንቋቸው እዚህ ከሞተ ሌላ የሚነገርበት ቦታ የለም። ስለዚህ «እኛም ስደተኞች ነን፣ እንተዋወቃለን» ብለን ቶሎ አንዝለል።

አንድ ማታ እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ስትገቡ የሴጅ ጭስ ነው የሚቀበላችሁ። ቅጠሉ በዛጎል ወይም በሸክላ ውስጥ ይጨሳል። አንድ ሰው ይዞት ይዞራል። ጭሱን በእጃችሁ ወደ ፊታችሁ፣ ወደ ደረታችሁ፣ ወደ ራሳችሁ ትስቡታላችሁ። መጀመሪያ ሲደርሰኝ እጄ ራሱ አወቀው። እናቴ ከቡናው አጠገብ ዕጣን ስታጨስ እንዲሁ ነበር የምናደርገው። ከዚያ ጸሎት ይደረጋል። ከዚያ ምግብ ይመጣል፤ ሾርባ፣ ባነክ የሚሉት ዳቦ፣ ሲገኝ የአጋዘን ሥጋ ወይም ዓሣ። ወጣቶቹ ሳህን ይዘው ይነሳሉ። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ያቀርባሉ። ሽማግሌ ሳይበላ ወጣት አይቀምስም። ልጄ ይህን ሲያይ «አባዬ፣ እንደኛ ነው» አለኝ።

ከምግብ በኋላ ከበሮ ይመጣል። በበረዶው ወራት የሚጨፈር የክብ ጭፈራ አላቸው። ዘፋኞቹ የእጅ ከበሮ ይዘው መሀል ይቆማሉ። ሌላው እጅ ለእጅ ተያይዞ ዙሪያውን ይዞራል፤ አንድ እግር ይራመዳል፣ ሌላው ይከተላል። ከባድ አይደለም። በቀኝህ ሕፃን፣ በግራህ የሰማንያ ዓመት ሴት። በ2012 መጨረሻ ላይ ካናዳን ያንቀሳቀሰው ትልቁ የነባር ሕዝቦች ንቅናቄም በዚህ ጭፈራ ነበር የታወቀው። የገና ገበያ ላይ ሰው ሲገዛ ሲሸምት በገበያ ማዕከሎቹ መሀል ከበሮ ይመታል፣ ክቡ ይሠራል። አያቶቻቸው የታሰሩበትን ነገር በአደባባይ፣ በመብራት ውስጥ አደረጉት።

ስለ አንድ ጭፈራ ግን ሳልናገር አላልፍም። የሴቶች ልብስ አለ፤ ላዩ ላይ በተርታ የተሰፉ ትናንሽ የብረት ቀንዶች አሉ። ድሮ ከትምባሆ ቆርቆሮ ክዳን ነበር የሚጠቀለሉት። ሴቲቱ ስትረግጥ ይንሿሿል፤ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው ድምፁ። የኦጂብዌ ሰዎች ሲተርኩት የመጣው በ1918ቱ ወረርሽኝ ዘመን ነው። አንዲት ልጅ ታማ ልትሞት ነበር። አባቷ ልብሱን በሕልሙ አየው። ሠራላት። ለብሳ እርምጃውን ጀመረች፤ ዳነች። እስከ ዛሬ ለታመመ ሰው ይጨፈራል።

ያን በሽታ እኛ እናውቀዋለን። የኅዳር በሽታ ያልነው እሱ ነው። አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው የጨረሰው። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። እነዚህ ሰዎችና የኛ አያቶች በዚያው ዘመን በአንድ በሽታ ነው የተቀበሩት። የኛ ሰዎች በጭስ መለሱለት። እነሱ በጭፈራ። ይህን ሳውቅ ያንን የቀንዶቹን ድምፅ ዝም ብዬ መስማት አቃተኝ፤ አስለቀሰኝ።

በጁን ወር ዘ ፎርክስ ሄዳችሁ ቢሆን አንድ ረጅም ሰልፍ ታያላችሁ። በ1871 ከዚህ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ጋር የተፈረመውን ውል ተከትሎ መንግሥት በየዓመቱ ለአንድ ሰው 5 ዶላር ይከፍላቸዋል። ዛሬም 5 ዶላር ነው። በ5 ዶላር ዛሬ ምን ይገዛል? ሰው ግን ይሰለፋል። ቀይ ካባ የለበሰ ፖሊስ አጠገቡ ይቆማል። አንድ አባት አዲስ ብሯን ተቀብሎ በሁለት እጁ ወደ ላይ ያዛትና ለልጁ አሳያት። «ውሉ አለ። እኛም አለን» አላት። ልጅቷ አይስክሬም ነበር የፈለገችው። ከሰልፉ በኋላ ሣሩ ላይ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ሲተቃቀፉ ይውላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰልፉን ረጅም የሚያደርገው ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቡናችን። ይህን ቡና ያፈላንበት ውሃ ከሾል ሐይቅ ነው የሚመጣው። ከ1919 ጀምሮ በቦይ ይመጣል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሾል ሌክ 40 የሚባሉት አኒሺናቤ ግን ከ1997 እስከ 2021 ድረስ የቧንቧቸውን ውሃ ሳያፈሉ መጠጣት አይችሉም ነበር። 24 ዓመት። ቦዩ ሲሠራ ከመሬቱ ተቆርጠው ደሴት ላይ ቀርተው ነበር፤ መንገድ ያገኙት በ2019 ነው። መንገዱን «የነፃነት መንገድ» አሉት። በስብሰባችን መጀመሪያ ላይ «ያለንበት መሬት የእነ እገሌ ነው» የሚል ወረቀት እናነባለን። እናንብብ፤ ጥሩ ነው። ግን ስናነበው ክፍሉ ውስጥ ከእነሱ አንድም ሰው የለም። የምንጠራቸው እዚያው ሰፈር፣ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ተሰብስበው ሾርባ እየጠጡ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር። ባለፈው ዓመት እናቴ አዲስ አበባ አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም። እናንተ ሦስት ቀን ቤቴን ሞላችሁት። ምግብ አልጎደለም፣ ወንበር አልጎደለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚያ ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ግድ ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ ነው የከበደኝ። አንድ ማታ ቤት መቀመጥ አቃተኝና ወደዚያ አዳራሽ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ኩኩም የምንላት አንዲት ሴት አየችኝ። «ማን ነው የሞተብህ?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። ነገርኳት።

እዚያ ሰው ከመብላቱ በፊት ለሞቱት አንድ ሳህን ይወጣል። ከሁሉም ምግብ ትንሽ ትንሽ ይደረግበታል። ሳህኑን ይዛ መጣች። «እናትህ ምን ትወድ ነበር?» አለች። «ዳቦ» አልኩ። «የቱን ቦታ?» አለችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። «ዳር ዳሩን፣ ቅርፊቱን» አልኩ። ባነኩን አዙራ አየችው። በደንብ ቡናማ የሆነውን ጫፍ መርጣ ቆርሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ኮቷን ለብሳ፣ ከኔ ጋር ወደ ውጪ ወጣን። ዛፍ ሥር፣ በረዶው ላይ አኖርነው። ትንሽ ቆመን ተመለስን።

ለቅሶዬ ያኔ ነው ያለቀው።

ስለዚህ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፦ ሂዱ። ለሁሉም ክፍት የሆኑ ዝግጅቶች ብዙ ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ሰው እንደተጋበዘ ይጽፋሉ። ንግግር ይዛችሁ አትሂዱ። ማኅበራችንን ወክለን መጣን ብላችሁ ባነር አትዘርጉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ በተለይ ጸሎት ሲሆን። የጭፈራ ልብስ አትንኩ፤ ልብሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ታሪክ አለው። ሽማግሌን ምክር የምትጠይቁ ከሆነ ትንሽ ትምባሆ ይዞ መቅረብ ወጉ ነው፤ ግራ ከገባችሁ አዘጋጆቹን ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያስረዷችኋል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ይህን እኔ ለናንተ አልነግርም። ወንበር ስታጥፉ፣ ሳህን ስታጥቡ ቆዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ። አንዴ የሄደ ሰው ጎብኚ ነው። አምስቴ የሄደውን ስሙን ይይዙታል።

ለኮሚቴያችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን ነው የሚያድረው። ማሞቂያውን ለባዶ ክፍል እንከፍላለን። እነሱ ዘንድ ደግሞ የልጆች ከበሮ ትምህርት በቦታ እጦት ሲሰረዝ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ይያዝልኝ።

ጁን 21 የነባር ሕዝቦች ቀን ነው፤ ከ1996 ጀምሮ ይከበራል። እኔና ቤተሰቤ እንሄዳለን። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ። እማማ እዚያ ጥግ ያሉት «ድፎ እጋግራለሁ» ብለውኛል ቀደም ብለው፤ ስለዚህ አንዱ ቦታ የእሳቸው ነው፣ አንዱ ደግሞ የድፎው። የቀረውን ቦታ የሚፈልግ ሲወጣ ይንገረኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ከዚህ ደጃፍ እንነሳለን።

በረካው ደርሷል መሰለኝ። ጠይቁኝ።